ለኩላሊት ጠጠር በተነሳ ሲቲ ላይ "ሳንባ ላይ ኖጁል" ተጽፎ ማንም ሳይነግረን ቀረ፣ ይሄን የሚከታተለው ማነው?

የሰንጋተራዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ጽሁፌ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እማዬ (60 ልትደፍን ነው) ነሐሴ ላይ ሌሊት ጎኗን ቀስፎ ያዛትና መሃል ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ይዘናት ሮጥን፣ ስሙን አልጠራም ጸብ አልፈልግም። የኩላሊት ጠጠር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሆድ ሲቲ ታዘዘላት፣ ተነሳች፣ ጠጠሯ ትንሽ ናት በራሷ ትወጣለች ውሃ በደንብ ትጠጣ ተባልን፣ ማስታገሻ ተጻፈልን ወጣን። ጠጠሯም ወጣች ተመስገን። ፖስታው ከነሲዲው ቁምሳጥን ላይ ተወረወረ እኛም ረሳነው።

ሰሞኑን የጤና መድን ደብተሯን ለማሳደስ ወረቀት ሳገላብጥ ያ ፖስታ እጄ ገባ። ሪፖርቱን አነበብኩት። አብዛኛው ስለ ኩላሊት ነው፣ ጠጠሯ 4 ሚሊሜትር ምናምን፣ ጉበት ደህና ቆሽት ደህና፣ ከዛ ወደ መጨረሻው "በቀኝ ሳንባ የታችኛው ክፍል 7 ሚሊሜትር ሶሊድ ኖጁል በአጋጣሚ ታይቷል፣ በደረት ሲቲ ክትትል እንዲደረግ ይመከራል" ይላል። እጄ ቀዘቀዘ። ያየን ዶክተር ስለ ሳንባ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ እውነት ለመናገር ወረቀቱን ራሱ ከጠጠሩ በታች ያነበበው አይመስለኝም።

አሜሪካ ያለችው ያክስቴ ልጅ ስነግራት ገረማት። እሷ ለሆዷ ተነስታ አድሬናል የሚባል እጢ ላይ የሆነ ነገር ተገኝቶባት ነርስ ደውላ ነው የነገረቻት፣ ቀጠሮም ያስያዘችላት ያቺው ነርስ ናት፣ ቀኑ ሲደርስም ደግማ ደወለች። ነርስ ናቪጌተር ይሏቸዋል አለችኝ። እዚህስ እንደዚህ አይነት ሰው አለ? ከሌለ እኔ አሁን የት ነው የምሄደው፣ ወደዛው ሆስፒታል ነው ወይስ ደረት ሐኪም ጋ? ወንድሜ ደግሞ ለእማዬ እንዳትነግሪያት ግፊቷ ይነሳል ብሎ ሌላ ጭንቀት ጨምሮብኛል።

ጨለማ_ክፍል፦
እህቴ መጀመሪያ ተንፍሺ። ራዲዮሎጂ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሐኪሟ አይደለሁም ምስሉንም አላየሁም ግን ወረቀቱ ምን እያለ እንደሆነ ልንገርሽ።

የሆድ ሲቲ ከጉበት ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚጀመር የሳንባ ታችኛው ጫፍ አብሮ ይገባል። የሳንባዋ ላይኛው ክፍል ግን ጭራሽ አልተነሳም ማለት ነው፣ ይሄን ያዢልኝ። ኖጁል ትንሽ ክብ ነጠብጣብ ነው በቃ፣ ሶሊድ ማለት ደግሞ ውስጡ ድፍን የሆነ ነው፣ ካንሰር ማለት አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ቲቢ ነክቶት ሳያውቀው ያለፈው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፣ ጠባሳው ሳንባ ላይ ቀርቶ እድሜ ልክ ይኖራል፣ ሪፖርቱ ላይ ካልሲፋይድ (ካልሲየም ተጠራቅሞበት የደነደነ) የሚል ቃል ካለ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። አንቺ የጻፍሽው ላይ አላየሁትም፣ እስቲ ደግመሽ እይው።

ሬድዮሎጂስቶች በብዛት የሚጠቀሙት ፍሌይሽነር ሶሳይቲ የሚባል የደረት ራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ማህበር በ2017 (በፈረንጅ) ያወጣውን መመሪያ ነው። በሱ መሰረት ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ሶሊድ ኖጁል ካንሰር የመሆን እድሉ ከ0.5 እስከ 2 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ከ6 በታች ከሆነና ሰውየው ሲጋራ የማያጨስ ሌላም አስጊ ነገር የሌለበት ከሆነ ክትትል ራሱ አይጠየቅም፣ ከ8 በላይ ከሆነ ደግሞ በ3 ወር ሲቲ ወይ ፔት ስካን ወይ ናሙና መውሰድ ይታሰባል። የእናትሽ መሃል ላይ ናት። እንደሷ በሆድ ሲቲ የታየ ሲሆን የሚባለው ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሙሉ ደረቷን በሲቲ ትነሳ ነው። ነሐሴ ብለሻል አሁን ጥር ነው፣ ምንም አልረፈደም። ይሄ ሁሉ ግን ከ35 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ካንሰር ኖሮበት ለማያውቅ፣ የሰውነት መከላከያው ላልተዳከመ ሰው ነው። ከነዚህ አንዱ ካለባት ሐኪሙ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው።

ማን ነው የሚከታተለው ላልሽው፣ ሪፖርት የሚጽፈው ሰው እናትሽን አይቷት አያውቅም ስልኳም የለውም። ይጽፋል ይፈርማል፣ ወረቀቱ ለታካሚ ይሰጣል፣ ሌላ ምስል ይከፈታል። ጭንቅላት ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወይ አንጀት ከተቀደደ ስልክ አንስቶ ተረኛውን ይጠራዋል። ለ7 ሚሊሜትር ግን ማንም ስልክ አያነሳም፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ዶሮማነቂያ_የድሮ፦
ልጆች እኔ አይገባኝም። ድሮ ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ሳይታመም አይሄድም። አሁን ለጎን ውጋት የሄደን ሰው ማሽን ውስጥ ከተው ሳንባው ላይ ነጠብጣብ ይፈልጉለታል፣ ከዛ ከስድስት ወር በኋላ ድገም፣ ከዛ አሁንም ድገም፣ የሲቲን ዋጋ ደግሞ የምታውቁት ነው። ወይዘሮዋ ባታውቀው ይሄን ሁሉ ወር በሰላም ተኝታ አደረች፣ ብታውቅ ኖሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ደሞስ ያዘዘው ሐኪም ስራውን ቢሰራ ደዋይ ነርስ ምን ያስፈልጋል? ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ማህተም።

ዝም_ልበል፦
ይሄን አንብቤ የአባዬን ፖስታ ከአልጋ ስር ልጎትት ሄድኩ

ሲልቨርስፕሪንግ_ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያክስቷ ልጅ ያለቻትን ስራ ነው እኔ እዚህ አሜሪካ የምሰራው፣ አዲስ አበባ ተምሬ ሰርቼ ነው የመጣሁት ስለዚህ ሁለቱንም ቤት አውቀዋለሁ።

ጋሼ ግማሽ እውነት አለዎት፣ እና ያቺ ግማሽ ደግሞ የኔ ስራ ናት። ሰው ናቪጌተር ሲባል ሰውን እየጠራች ወደ ማሽን የምትከት ይመስለዋል። ጠዋት ገብቼ ኮምፒውተር ስከፍት ሪፖርታቸው ላይ "ክትትል ይመከራል" የሚል ነገር ያለባቸው ሰዎች ዝርዝር ይጠብቀኛል፣ ሬድዮሎጂስቱ ምልክት ያደረገበት አለ፣ ሶፍትዌሩ ከጽሁፉ ለቅሞ ያወጣው አለ። የመጀመሪያ ስራዬ መሰረዝ ነው። ካንሰር ሐኪም ያላቸውና እሱ ራሱ ምስሉን የሚያይላቸው ይወጣሉ። ድሮ ሌላ ቦታ ተነስተው ነጠብጣቧ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍንክች ያላለች ሶሊድ ከሆነች ሐኪሙን አስወስኜ ትወጣለች። የመጨረሻ ደረጃ ህመም ላይ ያሉ አዛውንት ደግሞ አሉ፣ እሳቸውን ለ7 ሚሊሜትር ማንከራተት ግፍ ነው፣ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን እንተወዋለን። "አይምጡ፣ አያስፈልግዎትም" ብሎ ደውሎ መንገርም ስራ ነው ጋሼ፣ አንዳንዱ ወረቀቱን ራሱ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ሲጨነቅ ነው የምደርስበት።

የቀረውን እይዘዋለሁ። ያዘዘው ሐኪም አውቆታል ወይ? አውቆ ቀጣዩን ምርመራ አዟል ወይ? ታዞ ተነስቷል ወይ? ተነስቶስ ውጤቱን ያየው አለ? ሰው የሚጠፋው በነዚህ መሃል ነው እንጂ መጀመሪያው ላይ ብቻ አይደለም። አድሬናል ከሆነ ለምሳሌ ምስሉ ብቻውን አይበቃም፣ መጠኑና ውስጡ ስብ መሆኑ ይታያል፣ ሆርሞን ይለካል፣ ስለዚህ ወደ ኢንዶክሪን (የሆርሞን) ሐኪም መላክ አለበት። ስልክ አላነሳ ያለ ሰው የአደራ ደብዳቤ ይላክለታል። ከዝርዝሬ የሚወጣው ምርመራው አልቆ ሐኪም ሲወስን ወይም ሰውየው በደንብ ገብቶት አልፈልግም ሲል ነው። በጣም የሚያስቸግሩኝ ደግሞ ልክ እንደናንተ በኢመርጀንሲ ገብተው የወጡ፣ ቋሚ ሐኪም የሌላቸው ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ናቪጌሽን የሚባለውን ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን በ1990 ኒውዮርክ ሃርለም ሆስፒታል የጀመረው የጡት ካንሰር ያለባቸው ድሃ ሴቶች በጣም ዘግይተው ስለሚመጡ ነው፣ እጃቸውን ይዞ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግራቸው ሰው ይኑር ብሎ። ፔንሲልቬንያ ደግሞ በ2018 ህግ አውጥተው ምስል ያነሳው ክፍል ከባድ ነገር ካየ በ20 ቀን ውስጥ ለራሱ ለታካሚው እንዲያሳውቅ አስገድደዋል። እዚህም ገነት አይደለም ግን፣ ናቪጌተር የሌለው ሆስፒታል ሞልቷል፣ ኢንሹራንስ አልከፍልም ብሎ ወራት የሚያጉላላውም ሞልቷል።

ሲስተር_ከኤአርቲ፦
እዚህ እንደዛ አይነት ሰው አለ ወይ ላላችሁት፣ በሌላ በር ገባችሁ እንጂ አለ እኮ!! ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሰርቻለሁ። ቀጠሮው ያለፈበት ሰው ስሙ ከመዝገብ ይወጣል፣ ኬዝ ማናጀሯ ወይ አድሂረንስ ሰፖርተሯ (መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የምትደግፈው) ትደውላለች፣ ካላነሳ ሲመዘገብ በፈቃዱ የሰጠን የቅርብ ሰው ይጠየቃል፣ ቤት ድረስም የሚኬድበት ጊዜ አለ። ቲቢም እንደዛው ነው። ማድረግ እናውቅበታለን፣ ለዚህኛው መዝገብ አልተከፈተለትም እንጂ። ሊያዘን ኦፊስ አይሰራውም ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ ሊያዘን አልጋ እና ሪፈር ላይ ወገቡ ተቆርጧል፣ ሲቲ ሪፖርት የሚያነብበት ፋታ የለውም።

ጋሼ፣ ሐኪሙ ስራውን ቢሰራ ላሉት። ሌሊት ያያቸው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ የሚሰራ ሐኪም) ጥያቄው አንድ ነው፣ ጠጠር አለ ወይስ የለም፣ በር ላይ ደግሞ ሃያ ሰው ተደርድሯል። በሚቀጥለው ወር እሱ ሌላ ዲፓርትመንት ነው። ወይዘሮዋ ከስድስት ወር በኋላ ቢመለሱ ማንን ይጠይቃሉ? ሐኪሙ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ስራው በስሙ ስላልተጻፈ ነው። ነርስ ግን ቦታዋ ላይ ትቆያለች።

የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ሲታይ ትንሽ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ አንድ ትልቅ መዝገብ፣ ካርድ የሚሞላለት አንድ ስልክ፣ ጠዋት ጠዋት ራዲዮሎጂ ሄዳ የትናንቱን ሪፖርት መጨረሻ መጨረሻውን የምታነብ አንዲት ነርስ፣ ከጀርባዋ ደግሞ ይሄ ይጠራ ይሄ ይቅር የሚላት ሐኪም። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው። ካርድ ክፍል የተጻፈው ስልክ የልጅ፣ የጎረቤት፣ አንዳንዴ ያመጣቸው የታክሲ ሹፌር ነው። አድራሻ ብትይ ወረዳና ቤት ቁጥር ይጻፋል፣ ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሳ ያ ቤት ቁጥር የት ይገኛል? ስም ደግሞ አንዱ ካርድ ላይ በአማርኛ ሌላው ሪፖርት ላይ በእንግሊዝኛ እንደመጣለት ተጽፎ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ሪፖርቱ ቀኑ በፈረንጅ ቀጠሮ ካርዱ በኛ፣ "በ6 ወር" ሲባል ከየትኛው እንደሚቆጠር ነርሷ ራሷ ካልጻፈችው አለቀ።

አደዋወሉም ራሱ ሙያ ነው። "ከሆስፒታል ነው የምደውለው" ብለሽ ከጀመርሽ እዛ ማዶ ያለው ሰው መርዶ ነው ብሎ ይጮሃል፣ አንዷ እንደውም ስልኩን ጥላ ጎረቤት ጠርታብኛለች። ስለዚህ መጀመሪያ "ሁሉም ሰላም ነው፣ የቀጠሮ ጉዳይ ነው" ትያለሽ፣ ከዛ ስምሽን ከዛ ቦታውን። ያነሳው ልጅየው ከሆነ ምርመራውን አትነግሪውም፣ እናትህን አገናኘኝ ነው። እሱ ደግሞ ለኔ ንገሪኝ ብሎ ይከራከርሻል።

እና የሰንጋተራዋ፣ ለእናትሽ ንገሪያት። ደረቷን ልትነሳ ስትሄድ ምን ብለሽ ልትወስጃት ነው? ጠጠሩን ሲያዩ ሳንባሽ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ አይተዋል፣ አብዛኛው ሰው ላይ ምንም አይደለም ግን አንዴ ደግሞ ይታይ ተብሏል በያት፣ ይሄው ነው እውነቱም። የውስጥ ደዌ ወይ የሳንባ ሐኪም ጋ ነው መሄድ ያለባት። በመድን ከሆነ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄድሽ ይመልሱሻል፣ ከወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፊ። ሪፖርቱን ብቻ እንዳትይዢ ሲዲውንም ያዢ፣ ድሮ የተነሳችው የደረት ኤክስሬይ ካለም እሱን።

ዶሮማነቂያ_የድሮ፦
ቤት ቁጥሩን ተዪው የኔ ልጅ፣ እኔ ራሴ ተነስቼ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ሆስፒታል ካርዴ ላይ ያለው አድራሻ አስፋልት ሆኗል። አይምጡ ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ግን ደስ ይለኛል፣ እስካሁን ና ክፈል የሚለኝ ብቻ ነው የደወለልኝ። ዋጋው ላይ አሁንም አልተስማማሁም። መከታተሉ ጥሩ ነው እሺ፣ ለሁለተኛው ሲቲ ከፋዩ ማነው? ነርሷ ደውላ ገንዘብ የለኝም ብላት ምን ልትል ነው?

ሲስተር_ከኤአርቲ፦
እሱን ልክ ነዎት ጋሼ፣ ስልክ ብቻውን ሲቲ አያነሳም። ቢያንስ ግን ገንዘብ ስለሌለው የቀረና ሳያውቅ የቀረ ሰው ይለያል። መዝገብ ላይ "አቅም የለውም" ተብሎ ከተጻፈ ሶሻል ወርከር ጋ መላክ ይቻላል፣ መድኑም ሊጠየቅ ይችላል። አሁን ግን ሁሉም አንድ ላይ "አልተመለሰም" ነው የሚባለው፣ ማን ለምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

ዝም_ልበል፦
ተመልሻለሁ። የአባዬ ላይ "ቦስኒያክ 1 የኩላሊት ሲስት" ይላል፣ 3 ሳንቲሜትር። ልደንግጥ?

ጨለማ_ክፍል፦
አትደንግጥ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ እድሜው የገፋ ሰው ላይ በብዛት ይገኛል። ቦስኒያክ የኩላሊት ሲስት የሚመደብበት ደረጃ ነው፣ 1 እና 2 ክትትል አይፈልጉም። 2ኤፍ የሚል ቢሆን ነበር በየጊዜው የሚታየው፣ 3 እና 4 ከሆነ ደግሞ የዩሮሎጂ ሐኪም ጋ። ፖስታውን መልሰው ግን አትጣለው።

የሰንጋተራዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካልሲፋይድ የሚል ነገር ፈልጌ አጣሁ። ትናንት ማታ ቡና ላይ ነገርኳት፣ ወንድሜ ፊቱን አጠቆረብኝ እሷ ግን "ጠጠሩ ሲወጣ ነጠብጣብ ተካ" ብላ ሳቀች። ከዛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ እኛ ሳንወለድ ወጣት ሆና ሳንባ ነቀርሳ ታማ ለወራት በየቀኑ መርፌ ተወግታለች! እኔ እስከዛሬ ሰምቼው አላውቅም፣ ወንድሜም አያውቅም። አባዬን ከማግባቷ በፊት ስለሆነ ለማንም አላወራችውም። ይሄ ማለት ጠባሳው ነው ማለት ነው? ሲቲውን ልተወው?

ጨለማ_ክፍል፦
ትልቅ መረጃ ነው፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይ "ቀደም ሲል ቲቢ ታክማለች" ተብሎ እንዲጻፍ አድርጊ፣ ሬድዮሎጂስቱ ያን ሲያነብ ምስሉን በሌላ አይን ነው የሚያየው። ሲቲው ግን አይቀርም። ቲቢ የነበረበት ሳንባ ላይ ሌላ ነገር አይወጣም ማለት አይደለም፣ የላይኛው ክፍል ደግሞ እስከ አሁን አልታየም፣ የድሮ ቲቢ ምልክቱ በብዛት ያለው እዛ ነው። እዛ ጠባሳ ከተገኘ የታችኛዋም ያው ናት የማለቱ ነገር ይጠነክራል። ሳል፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ አለ? ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃት፣ አክታም ይመረመራል።

የሰንጋተራዋ፦
ሳልም ላብም የለም፣ ክብደቷማ ኧረ ጨምራለች። ሰኞ ጤና ጣቢያ ልንሄድ ነው። አንድ የመጨረሻ፣ ነሐሴ ላይ ለሆድ ሲቲው መርፌ በደም ስሯ ይሰጣታል ብለው ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ምናምን አስመርምረውን ነበር፣ አሁንም እንደዛ ነው? ሳትበላ ነው የምትሄደው? ጾም ስለሆነ ዕለቱን ልመርጥላት ብዬ ነው።

ጨለማ_ክፍል፦
ነጠብጣብ ለመከታተል ኮንትራስት (ምስሉን እንዲያጎላ በደም ስር የሚሰጠው መርፌ) አያስፈልግም፣ ስለዚህ መርፌውም ለሱ ተብሎ የሚሰራው የክሬአቲኒን ምርመራም የለም፣ በልታም ጾማም ብትሄድ ልዩነት የለውም። የሚያዘውን ሐኪም "ያለ ኮንትራስት፣ ሎው ዶዝ፣ በቀጭን ስላይስ" ብሎ እንዲጽፍ ጠይቂው፣ ጨረሩም ይቀንሳል ነጠብጣቧም በትክክል ትለካለች። ከተቻለ እዛው የመጀመሪያው ማሽን ላይ ትነሳ፣ ካልተቻለ ሲዲውን ለቴክኒሻኑ መጀመሪያ ስጪና አብሮ ይጫንልኝ በይው። ውጤት ስትቀበዪ ደግሞ መስኮቱ ጋ እያለሽ የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቢው፣ ቀን ካለው ስልክሽ ላይ አሁኑኑ ሙዪው፣ በኛ አቆጣጠር።